የተነጠቀው ወንዝና የመንገዱ ጫፍ

ወንዝ የሚጠፋው ሲደርቅ ብቻ አይደለም። ውኃው እየፈሰሰ፣ ስሙም በካርታ ላይ እንደተጻፈ፣ የሰፈሩ ሰው ግን ሊደርስበት ካልቻለ ያ ወንዝ ለዚያ ሰፈር ጠፍቷል። ከወንዝ ጥቂት መቶ እርምጃ ርቀት ላይ ተወልደው ያደጉ፣ ነገር ግን በአጠገባቸው ወንዝ መኖሩን ሳያውቁ ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆች አሉ ቢባል ብዙ ሰው ላያምን ይችላል። ይህ የሆነው ግን በሩቅ ገጠር ወይም በበረሃ ሳይሆን በኒው ዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ በሚባለው ክፍለ ከተማ ነው። ወንዙም ክፍለ ከተማው ስሙን የወሰደበት የብሮንክስ ወንዝ ነው።

ውድ አንባቢያን፤ የዚህን ወንዝ ታሪክ የሚተርኩ ብዙዎች “ቆሽሾ የነበረ ወንዝ ጸዳ” ብለው ያሳጥሩታል። አባባሉ ሐሰት ባይሆንም ዋናውን ነገር ይዘለዋል። የብሮንክስ ሰው ወንዙን ያጣው በቆሻሻ ብዛት ብቻ አልነበረም፤ ወደ ወንዙ የሚወስደውን መንገድ በማጣቱ ጭምር እንጂ። ያስመለሰውም ውኃው ጠርቶ እስኪያልቅ ጠብቆ ሳይሆን አስቀድሞ መንገዱን በማስመለስ ነው። ከዚህ በታች የምንተርከውም ይህንኑ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።)

የወንዙ ርዝመት 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከኒው ዮርክ ከተማ በስተሰሜን ከሚገኘው ከዌስትቸስተር አውራጃ ይነሣና ብሮንክስን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆ ኢስት ሪቨር ከተባለው የባሕር ወሽመጥ ይገባል። በብሮንክስ ውስጥ የሚጓዘው 13 ኪሎ ሜትር ያህሉን ነው። የአገሬው ነባር ሕዝቦች አኩዋሃንግ ይሉት ነበር። በ1639 ዮናስ ብሮንክ የተባለ ከሰሜን አውሮፓ የመጣ ሰው በአካባቢው እርሻ ይዞ ተቀመጠ፤ ወንዙ በእርሱ ስም ተጠራ፤ በኋላም ክፍለ ከተማው ከወንዙ ስሙን ተዋሰ።

አውሮፓውያኑ ወደዚያ አገር ከሳባቸው ነገር አንዱ የቢቨር ቆዳ ነበር። ቢቨር ዛፍ በጥርሱ ገዝግዞ እየጣለ በወንዝ ላይ ግድብ የሚሠራ እንስሳ ነው። ቆዳው በአውሮፓ ገበያ ለባርኔጣ ሥራ እጅግ ይፈለግ ስለነበረ እንስሳው እየታደነ ከአካባቢው ጨርሶ ጠፋ። እስከ ዛሬ በኒው ዮርክ ከተማ ማኅተም ላይ የቢቨር ሥዕል አለ። ከተማይቱ በማኅተሟ ላይ ያከበረችውን እንስሳ በወንዟ ውስጥ ሳታየው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ኖራለች። ወደዚህ ነገር በኋላ እንመለስበታለን።

ከቆዳ ነጋዴዎች ቀጥሎ የመጡት ባለወፍጮዎች ናቸው። የወንዙን ኃይል እየተጠቀሙ እህል፣ እንጨትና ትምባሆ ያስፈጩበትና ያስሰነጥቁበት ነበር። በ1840 ገደማ የተሠራው የሱረት ወፍጮ ሕንጻ ዛሬም በኒው ዮርክ የዕፅዋት ማዕከል ግቢ ውስጥ ከነግድግዳው ቆሞ ይታያል። በዚያው ዘመን የባቡር ሐዲድ በወንዙ ሸለቆ ተዘረጋ፤ ሐዲዱን ተከትሎም ፋብሪካ መጣ። በ1885 ደግሞ እያደገ ለሄደው ከተማ የመጠጥ ውኃ ለማቅረብ የወንዙ መነሻ በኬንሲኮ ተገደበ። እንግዲህ ወንዙ ከላይ ንጹሑን ውኃ ተቀማ፤ ከታች የፋብሪካና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ተጨመረበት። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ክዳን የሌለው የቆሻሻ ቱቦ መስሎ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ብዙ ጊዜ እንደሚነገረው ባለሥልጣናቱ ወንዙን ፈጽሞ ረስተውት አልነበረም። በ1899 የተከፈተው የብሮንክስ የእንስሳት ማቆያ በወንዙ ዳር ነውና የውኃው መበከል የማቆያውን ኃላፊዎች አሳስቧቸው ነበር። በ1907 ወንዙን የሚያጸዳና በዳርቻው መናፈሻና የመኪና መንገድ የሚሠራ ኮሚሽን ተቋቋመ። ሥራውም በ1925 ተጠናቀቀ፤ በዘመኑም ትልቅ ዝና አተረፈ። ዳሩ ግን ይህ ሁሉ የተደረገው በላይኛው የወንዙ ክፍል ነው። ከእንስሳት ማቆያው በታች፣ ወንዙ ወደ ባሕር በሚገባበት በኩል፣ ሠራተኛና ድኃ በሚኖርበት ሰፈር፣ ዳርቻው ለፋብሪካ፣ ለከሰል ማራገፊያና ለአሮጌ ብረት ክምር ተተወ። አንድ ወንዝ፣ ሁለት ዕጣ! ይህ ልዩነት የተፈጥሮ ሥራ እንዳልሆነ ለማንም ግልጽ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣው ነገር ግን ከዚያ የከፋ ነበር። ሮበርት ሞሰስ የተባለው የኒው ዮርክ ባለሥልጣን ከተማውን በፈጣን የመኪና መንገዶች ለማስተሳሰር ተነሣ። ብሮንክስን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚቆርጠው ክሮስ ብሮንክስ የተባለው መንገድ ሥራው በ1948 ተጀምሮ እስከ 1972 ድረስ ቆየ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ከቤታቸው እንዲነሡ ተደረገ፤ ደህና የነበሩ ሰፈሮች ለሁለት ተከፈሉ። በደቡብ በኩል ብራክነር የተባለው መንገድ ተሠራ። ሁለቱን የሚያገናኝ ሸሪዳን የተባለ ሦስተኛ መንገድ ደግሞ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ በወንዙ ምዕራባዊ ዳርቻ ልክ ተነጠፈ። ርዝመቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ወደ ሰሜን ምሥራቅ እንዲቀጥል ታስቦ የነበረ ቢሆንም እቅዱ ስለቀረ መንገዱ እንደ ተቆረጠ ክንድ ሆኖ ቀረ። የመንገዱ ስም የተወሰደው ከብሮንክስ የሕዝብ ሥራዎች ኃላፊ ከአርተር ሸሪዳን ነው፤ እኚህ ሰው በ1952 የሞቱት በመኪና አደጋ ነበር። ፈጣን መንገድን በዚህ ሰው ስም ለመሰየም ያሰበው ማን እንደሆነ እንጃ!

ለመሆኑ ፈጣን መንገድ አንድን ሰፈር ከወንዙ የሚለየው እንዴት ነው? በመንገዱ ስፋት ብቻ አይደለም። መንገዱ ራሱ በአጥር የታጠረ ስለሆነ እግረኛ አያልፍበትም። መኪኖች የሚገቡበትና የሚወጡበት መወጣጫና መውረጃ ደግሞ በአካባቢው ያሉትን ተራ ጎዳናዎች ያጣምማቸዋል። ሾፌሩ ከፈጣኑ መንገድ ሲወርድ ፍጥነቱን ይዞ ስለሚወርድ የሚያቋርጥ ሰው ይኖራል ብሎ አያስብም። የእግረኛ መንገዱ ይጠብባል፤ አንዳንድ ስፍራም ድንገት ያልቃል። ጎዳናው ሰው ሲያጣ ሱቁ ይዘጋል፤ ሱቁ ሲዘጋ ቆሻሻ የሚደፋው በሌሊት ይመጣል። በሃንትስ ፖይንት ያለው ትልቁ የምግብ ማከፋፈያ ገበያ፣ የቆሻሻ ማስተላለፊያ ጣቢያዎችና የመኪና ማራገፊያዎች በየቀኑ የሚጠሯቸው የጭነት መኪኖች ሲጨመሩበት፣ እናት ልጇን ይዛ ወደ ወንዙ ልትወርድ ቀርቶ ጎዳናውን ተሻግራ ጎረቤቷን ለመጠየቅም ትፈራለች። አስም በሰፈሩ ልጆች ላይ መበርታቱም የታወቀ ነው።

በ1970ዎቹ የደቡብ ብሮንክስ ቤቶች እየተቃጠሉና ባለቤቶቻቸው እየተዋቸው ሄዱ። የከተማው ካዝና በተራቆተበት በዚያ ጊዜ ስለ ወንዝ የሚያወራ ሰው እንደ ቀልደኛ ቢቆጠር አያስደንቅም። ይሁን እንጂ በ1974 ሩት አንደርበርግ የተባለች ሴት ወንዙን የሚያጸዳ ማኅበር መሠረተች። ያገዛትም የብሮንክስ የፖሊስ አዛዥ የነበረው አንቶኒ ቡዛ ነው። ከወንዙ ያወጡት ነገር የአንድ ሰፈር ገበያ ያህል ነበር፦ ማቀዝቀዣ፣ ጎማ፣ የመኪና ስብርባሪ፣ የቤት ዕቃ። በዚሁ ዓመት ሮበርት ካሮ የሞሰስን ሥራ መርምሮ የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ወጣ። መጽሐፉ ብዙ ምሁራንን አስደነቀ፤ ቢሆንም ጎማውን ከጭቃ ውስጥ ጎትተው ያወጡት ሌሎች ናቸው።

የሃያኛው ክፍለ ዘመን መዝጊያ ዓመታት ሲመጡ ነገሩ ከአንድ ማኅበር ዐቅም አለፈ። በሳውንድቪው ሰፈር አሌክሲ ቶረስ ፍሌሚንግ በ1994 የወጣቶች ማኅበር አቋቋመች። በዚያው ዓመት በሃንትስ ፖይንት ዘ ፖይንት የተባለ የሰፈር ልማት ማኅበር ተመሠረተ። በ1997 ደግሞ ከ60 በላይ የሚሆኑ ማኅበራት፣ ትምህርት ቤቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የብሮንክስ ወንዝ የሥራ ቡድን በሚል ስም አብረው መሥራት ጀመሩ። ይህም ቡድን በ2001 የብሮንክስ ወንዝ ኅብረት ወደሚባል ቋሚ ድርጅት ተለወጠ። በ1999 አንድ ትልቅ ወርቃማ ኳስ በወንዙ ላይ እየተንሳፈፈ ሲወርድ ሕዝቡ በዳርና ዳር እየተከተለ እንዲያየው አደረጉ። ነገሩ የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ኳሱን ለማየት የወጣ ሰው ወንዙን ማየቱ አይቀርም፤ ወንዙ በየትኛው ጎዳና መጨረሻ ላይ እንደሚገኝም ያውቃል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው የላፋየት ጎዳና ጉዳይ ነው። ማጆራ ካርተር የሃንትስ ፖይንት ተወላጅ ናት። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሰፈሩ ለማኅበሩ ስትሠራ፣ በወንዝ ዳር ለሚሠራ ሥራ የ10,000 ዶላር የመነሻ ገንዘብ እንደሚገኝ ትሰማለች። እርሷ ራሷ እንደተናገረችው፣ በዚያ ሰፈር ወደ ወንዙ መድረስ ይቻላል ብላ አታስብም ነበር። አንድ ቀን ግን ውሻዋን ይዛ ስትሄድ ውሻዋ እየጎተተች ሕገወጥ የቆሻሻ መድፊያ ወደሆነ ቦታ ታስገባታለች። አረሙንና ክምሩን አልፋ ስትወጣ ከፊቷ የምታገኘው ወንዙን ነው። ቦታው ላፋየት ጎዳና ከወንዙ ሲደርስ የሚያልቅበት ጫፍ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በግራና በቀኝ ያለው የወንዝ ዳር በሙሉ የፋብሪካና የመጋዘን ይዞታ ነው። የሰፈሩ ሰው ያን መሬት ለመግዛት ገንዘብ የለውም፤ ለመውሰድም ሥልጣን የለውም። የጎዳና ጫፍ ግን የማንም የግል ይዞታ አይደለም። ጎዳና የሕዝብ ነው፤ ውኃው ድረስም ቢሄድ የሕዝብ ነው። አርባና ሃምሳ ዓመት ቆሻሻ ስለተደፋበት ሕዝብነቱ አይቀርም። እንግዲህ የሰፈሩ ሰዎች “ወንዝ ስጡን” ብለው መለመን አላስፈለጋቸውም፤ የራሳቸውን ጎዳና ከቆሻሻው ሥር ቆፍረው ማውጣት ብቻ ነው የቀራቸው። ይህን የመሰለ ቀላል ነገር ለማየት ይህን ያህል ዓመት መፍጀቱ ይገርማል። ምናልባትም ቀላል በመሆኑ ይሆናል ያልታየው።

ጽዳቱ በነዋሪዎች ጉልበት ተጀመረ። አሥሩ ሺህ ዶላርም ሌላ ገንዘብ እየጠራ የከተማው አስተዳደር እጁን እንዲዘረጋ አደረገ፤ በመጨረሻ ከሦስት ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት በ2007 የሃንትስ ፖይንት የወንዝ ዳር መናፈሻ ሙሉ ቅርጹን ይዞ ተከፈተ። ስፋቱ ከአንድ ሄክታር አይሞላም። ቢሆንም በደቡብ ብሮንክስ ከ60 ዓመት በላይ ባለው ጊዜ ውስጥ የመጀመሪያው የወንዝ ዳር መናፈሻ እርሱ ነው። አጠገቡም የሰፈሩ ወጣቶች የእንጨት ጀልባ የሚሠሩበትና ሕዝቡን በነጻ የሚያስቀዝፉበት ድርጅት አለ። ከዚያ ወዲህ ላፋየትና ሃንትስ ፖይንት የተባሉት ጎዳናዎች ዛፍ ተተከለባቸው፤ መኻላቸው ተከፍሎ አረንጓዴ ተደረገ፤ ለእግረኛና ለብስክሌት የሚሆን ቦታ ተበጀላቸው። መናፈሻው ቢከፈት እንኳ በጭነት መኪና መካከል እየተሽሎከለኩ የሚደረስበት ቢሆን ኖሮ ማን ይሄድ ነበር?

ከዚያ ወደ ላይ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ በዌስትቸስተር ጎዳና አጠገብ፣ ከ1940ዎቹ አጋማሽ እስከ 1987 የሠራና ከዚያ በኋላ ተዘግቶ የቀረ የኮንክሪት ማምረቻ ነበር። የወጣቶቹ ማኅበርና ጓደኞቹ ያ ፍርስራሽ መናፈሻ እንዲሆን ተከራከሩ። በ2009 የኮንክሪት ፋብሪካ መናፈሻ በሚል ስም ተከፈተ። የፋብሪካው ረጃጅም ጎተራዎች አልፈረሱም፤ ቀለም ተቀብተው እስከ ዛሬ ቆመዋል። ከ2017 ጀምሮ በዚያ መናፈሻ ለምግብና ለመድኃኒት የሚሆን ተክል ተተክሎ ነዋሪው እየቀጠፈ እንዲወስድ ተፈቅዷል፤ በከተማው መናፈሻዎች ግን ቅጠል መቅጠፍ በደንብ የተከለከለ ነው። ከዚያ በላይ ያለው የስታርላይት መናፈሻ ሥራ ደግሞ መሬቱ ውስጥ ከጥንት የጋዝ ፋብሪካ የቀረ መርዝ በመገኘቱ ለዓመታት ተጓተተ። ከርሱ ጸድቶ የተከፈተው በ2013 ነው።

ረጅሙ ክርክር ግን በሸሪዳን መንገድ ላይ የተደረገው ነው። በ1997 የክፍለ ግዛቱ የመንገድ መሥሪያ ቤት ሸሪዳንን ከብራክነር ጋር በሰፊው የሚያገናኝ እቅድ አቀረበ። ነዋሪዎቹ ግን “መንገዱ ይስፋ” ለሚለው “መንገዱ ይነሣ” ብለው መለሱ። ተቃውሞ ብቻ ይዘውም አልቀረቡም። ማኅበራቱ ተባብረው የራሳቸውን እቅድ አወጡ፤ በባለሙያ እየታገዙም መንገዱ ቢነሣ 28 ኤከር መሬት ማለትም ከ11 ሄክታር በላይ ለቤት፣ ለመናፈሻና ለሥራ እንደሚለቀቅ አሳዩ። ተራ ነዋሪ ለመሐንዲስ ስለ መንገድ የሚመልሰው ነገር ይኖረዋል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። በየስብሰባው አዳራሽ ለሃያ ዓመት ያህል ተመላለሱበት። ልጆች ሆነው ስብሰባ የጀመሩ ጎልማሶች ሆነው ጨረሱት። በ2013 ከተማው ያስጠናው ጥናት መንገዱን ጨርሶ ማንሣቱን ሳይቀበል ቀረ፤ ወደ ተራ ጎዳና መለወጡን ግን ደገፈ። በ2017 የክፍለ ግዛቱ አስተዳደር ለመንገዱ ለውጥ ገንዘብ መደበ፤ በ2019 መጨረሻም ፈጣኑ መንገድ ተራ ጎዳና ሆነ። የትራፊክ መብራትና የእግረኛ ማቋረጫ ተበጀለት፤ የብስክሌት መንገድ ተሠራለት። ከሃምሳ ዓመት በላይ የማይታለፍ ግንብ የነበረውን መስመር ዛሬ ልጅ መብራት ጠብቆ ይሻገረዋል።

ነገር ግን ድሉን ከመጠኑ በላይ ማግነን አይገባም። ነዋሪዎቹ የጠየቁት መንገዱ እንዲነሣ ነበር፤ ያገኙት መለወጡን ነው። የጭነት መኪኖቹን ወደ ገበያው ለማስገባት የተሠሩት አዳዲስ መወጣጫዎችም ከወንዙና ከመናፈሻው አጠገብ ስለሚያልፉ ማኅበራቱ አጥብቀው ተቃውመዋል፤ ተሰሚነት ግን ያገኙት በከፊል ነው። እንደ እኛ አስተያየት መሐንዲሶቹ እዚህ ላይ ያንኑ የጥንቱን ስሕተት በትንሹ ደግመውታል።

ወንዙ ውስጥስ ምን ሆነ? በ2006 በግድብ ብዛት ከጠፉ የዓሣ ዘሮች አንዱ አልዋይፍ የሚባለው ከሌላ ወንዝ ተወስዶ ተለቀቀ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ከባሕር ወደ ወንዙ ተመልሶ ሲመጣ ታየ። በ2007 የካቲት ወር ደግሞ ተመራማሪዎች በወንዙ ውስጥ አንድ ቢቨር ሲዋኝ በሥዕል አስቀሩት። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በከተማይቱ የታየው የመጀመሪያው ቢቨር እርሱ ነው። ለወንዙ ጽዳት ከፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ ባስገኘው የምክር ቤት አባል በሆሴ ሴራኖ ስም “ሆሴ” ተባለ። እንግዲህ የማኅተሙ እንስሳ ማንም ሳይጠራው፣ ማንም ሳያመጣው፣ በራሱ እግር ተመለሰ።

ሰዎቹስ? በአካባቢው የሚኖረው አብዛኛው ሕዝብ ከፖርቶ ሪኮና ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የመጣና ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ከጊኒ፣ ከጋምቢያና ከባንግላዴሽ የመጡ ሙስሊሞችም ብዙ ናቸው። ለእነዚህ ሁሉ አሁን አዲስ ጥያቄ መጥቷል። መንገዱ ሲያምርና ወንዙ ሲገለጥ የቤት ኪራይ መወደዱ አይቀርም። ጎማውን የጎተተው ሰው መናፈሻው ካማረ በኋላ ኪራይ መክፈል አቅቶት ቢለቅ ወንዙ የተመለሰው ለማን ነው? ይህን ጥያቄ የሚያነሡት የሩቅ ታዛቢዎች ሳይሆኑ ወንዙን ያስመለሱት ማኅበራት ራሳቸው ናቸው።

ውኃውም ገና ጨርሶ አልጸዳም። የኒው ዮርክ አሮጌ ቱቦ የዝናቡንም የመጸዳጃ ቤቱንም ፍሳሽ በአንድነት ስለሚሸከም ኃይለኛ ዝናብ ሲዘንብ ሞልቶ ወደ ወንዙ ይለቀቃል። ስለዚህ በታችኛው ወንዝ መቅዘፍ እንጂ መዋኘት አይመከርም። በ2023 ግን ስታርላይትንና የኮንክሪት ፋብሪካ መናፈሻን የለየው የመጨረሻ ክፍተት ተደፈነ፤ ከባቡሩ ሐዲድ በላይ ድልድይ ተሠርቶ ለዘመናት ተቆርጦ የነበረው የእግር መንገድ ተቀጠለ። ከድልድዩ ላይ የቆመ ሰው በአንድ በኩል ባቡሩን፣ በሌላ በኩል ወንዙን ያያል፤ ከሸሪዳን በኩል የሚመጣውም በእግሩ ወይም በብስክሌቱ ሆኖ እስከ ኮንክሪቱ ጎተራዎች ድረስ የውኃውን ዳር ይዞ ይወርዳል።